ነቅቶ የሚያድር ወለል

ጫማ ማውለቅ የሥራዬ አንዱ ክፍል ነበር። ከኩታበር እስከ መካነ ሰላም ባሉት ደጋዎች ለሥራ በገባሁባቸው ክፍሎች ሁሉ መጀመሪያ የማደርገው የመሣሪያ ሻንጣዬን መክፈት ሳይሆን ጫማና ካልሲዬን አውልቄ ወለሉ ላይ መቆም ነበር። ልማዱን የወረስኩት ሥራውን ካስተማሩኝ ሰው ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን በተወለድኩባት በመካነ ሰላም በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ አስተማሪ ሆኛለሁ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብቼ ገና ስሜን ሳልናገር የቀኝ ጫማዬን በግራ እግሬ ጫፍ ልገፋ ስል ራሴን ያዝኩት። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ አየችኝና ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነችው። እንደዚያ አፍሬ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው ይህን ለመጻፍ ያሰብኩት። ሰው ፊት ማውራት ይከብደኛል፤ መጻፍ ይሻለኛል።

ሥራሽ ምን ነበር ሲሉኝ «ወለል ማሞቅ» እላለሁ። ብዙ ሰው ይስቃል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የክፍሉ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የፕላስቲክ ቱቦ እየተጠማዘዘ ወለሉን ሁሉ እንዲያዳርስ ተደርጎ ይዘረጋል። ኮንክሪቱ በላዩ ይሞላል። ከዚያ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያሞቀችው ውኃ፣ ደመና ሲሆን ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያግዘው ውኃ፣ በዚያ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ወለሉ ይሞቃል፤ ወለሉ ደግሞ ክፍሉን ያሞቃል። እሳት የለም፤ ጭስ የለም፤ ድምፅ እንኳ የለም ማለት ይቻላል። ፓምፑ መቼ እንዲነሣ፣ ውኃው ምን ያህል እንዲሞቅ የሚያዘው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ከአንድ መጽሐፍ የማይበልጥ ሳጥን ነው። መቆጣጠሪያ እንለዋለን። የእኔ ሥራ ያንን ሳጥን መግጠምና ከቤቱ ጋር ማስማማት ነበር። እስከ ዛሬም ድረስ፣ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል ከእግር በታች ቀስ እያለ ሲሞቅ ሲሰማኝ ሰውነቴን አንድ ነገር ይወርረዋል።

ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምሕንድስና ነው የተማርኩት። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንዴት እንደሚሄድ ሰሌዳ ሙሉ ስሌት ሠርቻለሁ፤ በባዶ እግሬ ቆሜበት ግን አላውቅም ነበር። ከምረቃ በኋላ ደሴ ውስጥ የውኃ ፓምፕና የፀሐይ ማሞቂያ የምትገጥም አነስተኛ ድርጅት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ብዙ አልነበረም፤ ከቤት ኪራይ ተርፎ ለእናቴ ትንሽ ያስልክ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሁልጊዜ ስልክ ጆሮው ላይ ነው፤ ከእኛ ጋር ሲያወራም አንድ ጥያቄ ብቻ አለችው፤ «ስንት ቀን ይፈጃል?» የመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አየኝና ወደ አንድ ራሰ ሸበቶ ሰው ዞሮ «ለመሆኑ ትናገራለች?» አላቸው።

«ምን ቸገረን» አሉ ሰውዬው። «እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ።»

ጋሽ እንድሪስ ማለት እኚህ ነበሩ።

የመጀመሪያ ሥራችን ኩታበር አጠገብ የጫጩት ማሳደጊያ ቤት ነበር። ገና ከእንቁላል የወጣች ጫጩት የራሷ ሙቀት የላትም፤ የሚያሞቃት ወለሉ ነው። መቆጣጠሪያውን ሰቅለን፣ ውኃውን አዙረን፣ ጫጩቶቹ በካርቶን መጥተው ወለሉ ላይ ተለቀቁ። ቴርሞሜትሬን አውጥቼ ላነብ ጎንበስ ስል ጋሽ እንድሪስ ክንዴን ያዙኝ።

«ቆይ፤ እነሱን እያቸው።»

ጫጩቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተጭነው ተከምረዋል። «በርዷቸዋል» አሉ። ቁልፉን በጣም በትንሹ አዞሩ። ከዚያ ጫማቸውን ከራስጌያቸው አድርገው፣ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተጋደሙ።

«ጋሼ፣ እዚያ ነው የሚተኙት?»

«ሲደርስ ወለሉ ራሱ ይቀሰቅሰኛል።»

በጣም ጠበቅን። ወለል ትልቅ ነው፤ ከባድ ነው። ዛሬ ያዘዝሽውን ነገ ነው የሚመልስልሽ። በመጨረሻ ያ ክምር መፍረስ ጀመረ። ጫጩቶቹ አንድ በአንድ እየወጡ ራቅ ራቅ ብለው፣ ማሳ ላይ እንደ ተበተነ ዘር በወለሉ ሁሉ ተዘርተው ተኙ። ማንም አላስተማራቸውም። እንደ መጽሐፍ ይነበቡ ነበር። እዚያው በር ላይ ቆሜ አፌን ከፍቼ እንዳየሁ ቀረሁ። ጋሽ እንድሪስ ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው «አየሽ?» አሉኝ። 

ከዚያ በኋላ በዚያው ደጋ ወዳለችው ማሻ ሄድን፤ ሌሎችም ቦታዎች ነበሩ። ሁሉንም አልዘረዝርም። የጋሽ እንድሪስን ልማዶች ግን አልረሳም። ቱቦ ሲሞሉ ውኃውን በቀጭኑ ነበር የሚለቁት፤ የጠመንጃ መፍቻ መያዣ ጆሯቸው ላይ፣ ጫፉን ቱቦው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። አየር ካለ ይጉረመረማል፤ አየሩ እስኪወጣ አይነሡም። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ቱቦውን ሁሉ በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ፤ «ነገ አንዱ ሚስማር ሊመታ ይመጣል» ይላሉ። መቆጣጠሪያ ሲያስተካክሉ ሁለት ነገር አንድ ላይ አይነኩም። «ሁለቱን አንድ ላይ ከነካሽ የመለሰልሽ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?» አንዱን ነክተው ይጠብቃሉ። ይህ ሥራ አስኪያጁን ያሳብደው ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን ጫማ ነው። በባዶ እግራቸው መሐል ወለል ላይ ይቆማሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ትንሽ ይቆያሉ፤ ሁለት እርምጃ ተራምደው እንደገና ይቆማሉ። ማሻ ላይ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ በር ላይ ሆና ስታያቸው ቆየችና በአክብሮት ድምፅ «ሸሁ፣ ቂብላው እኮ በወዲህ ነው» አለቻቸው። ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አውቃለሁ እናቴ፤ አሁን የምፈልገው ብርዱ የት እንደ ተደበቀ ነው» አሏት። ያን ቀን የሳቅኩትን ያህል በሥራ ላይ ስቄ አላውቅም።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው ልመለስ። ይህ ጽሑፍ ሁሉ ለእሱ ስል የተጻፈ ነው።

ስሙን ልተወው። ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚመጣው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ነው፤ ገብስ የሚያበቅል፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት አገር። እናቶች ከሩቅ በእግርም በቃሬዛም መጥተው እዚያ ይወልዳሉ፤ ከወለዱ በኋላ የሚተኙበት አንድ ሰፊ ክፍል አለ። ክፍሉ ድሮ በከሰል ነበር የሚሞቀው። አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ወይንሸት ለምን ወለል እንዳስፈለጋቸው ስትነግረን እጆቿን ዘረጋች። «አንዲት አራስ ከነጠባቂዋ የከሰል ጭስ መቷቸው፣ ራሳቸውን ስተው፣ እየጎተትኩ ያወጣኋቸው በእነዚህ ነው። ተርፈዋል፤ አልሐምዱሊላህ» አለች። ወይንሸት ክርስቲያን ናት፤ እኛ አገር ግን ይህ ቃል የሁላችንም ነው። «ግን ከዚያ ወዲህ ያ ክፍል በር በተዘጋ ቁጥር እኔ እንቅልፍ የለኝም።»

እንደ አቅማችን ተጠንቅቀን ሠራነው። ኮንክሪቱ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ሰጠነው፤ ከዚያ ቀስ ብለን አሞቅነው። ለመቆጣጠሪያው የክፍሉን ሙቀት የሚነግረውን ሴንሰር የት እንደምንሰቅል ብዙ ተነጋገርን። በር አጠገብ ከሆነ ነፋስ ያታልለዋል፤ መስኮት አጠገብ ከሆነ ፀሐይ። ስለዚህ ከሁለቱም የራቀውን፣ ነፋስ የማይደርስበትን የውስጠኛውን ጥግ መረጥን። ሌላ ሴንሰር ደግሞ ውጭ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ፣ ከክዳኑ ጥላ ሥር ሰቀልን። የውጭውን ብርድ ይለካል፤ ግን ቁጥሩ እንዲታይ ብቻ ነበር ያደረግነው። የሚያዘው የክፍሉ ነበር።

የተከፈተ ቀን የሠፈሩ ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። አንዲት አሮጊት ተንበርክከው ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ አደረጉ። ቆዩ። ቀና ብለው «ምድር ታማ ነው እንዴ? ትኩሳት አላት!» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ እንድሪስ ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

የብርዱ ወራት ሲመጣ መጥፎ ወሬ መምጣት ጀመረ። ሲስተር ወይንሸት ትደውላለች፤ «ወለሉ ሞቶ አደረ።» እኛ ሚኒባስ ተሳፍረን እንሄዳለን፤ ክፍሉ ባዶ ነው፤ ወለሉ ሞቅ ብሏል፤ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ሴንሰሩን ቀየርነው። አየር ካለ ብለን ቱቦውን እንደገና አዳመጥን። የኤሌክትሪኩን መስመር ፈተሽን። ተመለስን። ሳይቆይ ደግሞ ስልክ፤ «ዛሬም ሞቶ አደረ።» በሌላው ቀን ግን ደህና ያድራል። መቼ እንደሚሞት፣ መቼ እንደሚድን ምንም መልክ አልነበረውም።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ገና ትናንት የተወለደ ሕፃን ንጋት ላይ ሰውነቱ ቀዝቅዞ፣ መጥባት አቅቶት ተገኘ። ሲስተር ወይንሸት ደረቷ ላይ አድርጋ በጋቢ ጠቅልላ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ሕፃኑ ተርፏል። በሰላም ተመልሶ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን እንደሚተርፍ ማንም አያውቅም ነበር፤ እኛ ስንደርስ የሕፃኑ አባት ቤተ ዘመድ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር የሚያየን።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ረጋ ያለ ሰው ነው። አልጮኸብንም። «እናንተ ስትመጡ ይሞቃል፤ ስትሄዱ ይበርዳል» አለ። «ወለሉ እንግዳ ያፍራል እንዴ?» ማንም አልሳቀም። «በሚቀጥለዋ እናት ይታይ። እንደገና ከቀዘቀዘ አጠፋዋለሁ። ከሰሉ ይመለሳል፤ መስኮት ገርበብ አድርገን እንጠቀማለን። ሌላ ምን ላድርግ?» ሲስተር ወይንሸት አቀረቀረች። እጆቿን ነበር የምታየው።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ጋሽ እንድሪስ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ለሁለታችን አወራለሁ ያሉት ሰው! ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ተናገሪ እንጂ» አሉኝ። «ምን ልበል ጋሼ?» «እኔ እንጃ። አንድ ነገር።»  እስከ ደሴ በዝምታ ደረስን። በሥራ ዘመኔ ከዚያ የከበደ መንገድ አልሄድኩም።

የሚቀጥለዋ እናት ሰዓዳ ነበረች። ምጥ እንደ ያዛት ሲስተር ወይንሸት ደወለች፤ እኛም በጠዋቱ መጀመሪያ ሚኒባስ ወጣን። ስንደርስ ወልዳለች። ሴት ልጅ ናት፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። ወይንሸት ራቁቷን የእናቷ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጋ አሥራታለች። ትንሽ ቆይቶ የሰዓዳ አማት፣ እማማ ሐሊማ፣ አንድ የከሰል ምድጃና ግማሽ ጆንያ ከሰል አሸክመው መጡ። ምድጃውን የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጡትና ጋሽ እንድሪስን አይተው፤

«ወለላችሁ ከሞቀ እሰየው። ጎሕ ሲቀድ ከበረደኝ ይህን አያይዛለሁ። ማንንም አልጠይቅ።»

«እማማ፣ ጭሱ...» አለች ወይንሸት።

«ጭሱን አውቀዋለሁ ልጄ። ብርዱንም አውቀዋለሁ። ሁለት ልጅ ነው ብርድ የወሰደብኝ። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ እኔ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው።»

ጋሽ እንድሪስ ወለሉ ላይ ቆመው ነበር። ሞቅ ብሏል። ከዚያ ሴቶቹ መግባት ጀመሩ። አራስ ጥየቃ፤ ገንፎ ሊበሉ። አንዷ ጋሽ እንድሪስን ባዶ እግራቸውን አየቻቸውና «ጋሼ፣ ውጡ እንጂ! የአራስ ቤት እኮ ነው» አለቻቸው። ጫማቸውን አንሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ቅሪ።»

«እኔ?»

«ከሁለታችን ሴቷ ማን ናት?»

እስከዚያ ቀን ከሥራ ሰዎች አንዳችንም ገንፎ ሲበላ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አናውቅም ነበር። ስንሠራ አራስ ጥየቃ ከገጠመን ጋሽ እንድሪስ ወንድ ስለሆኑ ይወጣሉ፤ እኔ ደግሞ የማላውቃቸው ሴቶች መሐል መቀመጥ ስለማልደፍር እሳቸውን ተከትዬ እወጣለሁ። የፈተሽነው ሁሉ ባዶ ክፍል ነበር።

ግድግዳ ተደግፌ፣ መቆጣጠሪያው ካለበት ሥር ተቀመጥኩ። ወዲያው በጥያቄ ያዙኝ።

«አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

«የወለሉ ባለሙያ ናት» አለች ሌላዋ ቀድማኝ።

«የወለሉ! ባል አለሽ?»

«የለኝም።»

«ምነው? እግርሽ ሞቆ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ፊቴ ሲግል እየተሰማኝ ሳቅኩ። በዚህ መሐል ገንፎው ገባ። በትልቅ ድስት፣ እንፋሎቱ እየወጣ። አንዲት ሴት «ነፋስ ያገኘዋል፣ ነፋስ ያገኘዋል!» እያለች ድስቱን ወደ ውስጥ አስገፋች። በር ተዘጋ፤ መስኮቱ ተዘጋ፤ ለአራስ ብርድ እንዳይገባ የበሩ ሥር ሳይቀር በጨርቅ ተወተፈ። ድስቱን ከበርም ከመስኮትም የራቀው ቦታ፣ ነፋስ የማይደርስበት የውስጠኛው ጥግ ላይ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጡት።

ቀና አልኩ። ከድስቱ በላይ፣ በእንፋሎቱ መሐል፣ የእኛ ሴንሰር አለ።

እኛም ሴንሰሩን የሰቀልንበት ምክንያት እሱው ነው። ነፋስ እንዳያገኘው።

አንዷ ላብ ሲያጠምቃት ጋቢዋን አውልቃ መስቀያ ፈለገች። ሴንሰሯ ከግድግዳው ወጣ ያለች ትንሽ ዕቃ ናት፤ ጋቢው እሷ ላይ ተንጠለጠለ። መቆጣጠሪያው ላይ ያለችው፣ ፓምፑ ሲሠራ የምትበራው አረንጓዴ መብራት ወዲያው ጠፋች። ፓምፑ ቆመ። እጄን ወደ ኋላዬ ሰድጄ ወደ ወለሉ የሚገባውን ቱቦ ጨበጥኩት። ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ወለል ብሎ ታየኝ። ሳጥኑ ክፍሉ የሞቀ መስሎታል፤ ወለሉን ያጠፋል። ሴቶቹ እስኪመሽ ይቀመጣሉ፤ ወለሉ ያ ሁሉ ጊዜ ሳይሞቅ ይቆያል። ሲሄዱ በር ይከፈታል፤ ድስቱ ይወጣል፤ ውርጩ ይመጣል። ሳጥኑ ያኔ ይደነግጥና ፓምፑን ያስነሣል፤ ግን ወለል ከባድ ነው፤ ዛሬ የታዘዘውን ነገ ነው የሚመልሰው። ንጋት ላይ ቀዝቅዞ ይገኛል። በሌሎቹ ቀናት፣ ገንፎ በሌለበት፣ ደህና ያድራል። ክፍሉ የሚበርደው ሰው ሁሉ ሕፃኑን ደስ ብሎት ሊቀበል በተሰበሰበበት ቀን ብቻ ነበር። ከልጁ ዕድሜ ሁሉ አዲሱ በሆነው ቀን። 

ያን ያህል ሰው መሐል ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ተነሥቼ መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አደረግኩት። «ብርድ! ብርድ!» ብለው ጮኹብኝ። ጋሽ እንድሪስ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ! ገንፎው ነው!»

«እ?»

«ድስቱ ሴንሰሩ ሥር ነው! ጋቢም ተሰቅሎበታል! በሩ ተወትፏል! ፓምፑ ቆሟል!»

ጀርባቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አላወቅኩም። «ያረቢ» አሉ። «ያረቢ! በየጊዜው ገንፎ በር ላይ ሲያመጡልኝ ቆሜ እየበላሁ!» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ወለሉስ?»

«ገና አልበረደም።»

«እንግዲያው ጊዜ አለሽ። ምን ታደርጊያለሽ?»

ሴቶቹ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። አንዷ ገንፎውን ልታነሣ ተነሣች። «ድስቱን እናውጣው?»

«አይ፣ ይቆይ» አልኩ። «ገንፎው ይቆይ። ሳጥኑ ነው ፊቱን የሚያዞር።» ወደ መስኮቱ፤ «ጋሼ፣ የክፍሉን ትቼ የውጭውን እንዲያዳምጥ ላድርገው። ውጭ ሲበርድ ውኃው እንዲሞቅ፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም ቢገባ፣ ምንም ቢፈላ።»

«አንዱን ብቻ ንኪ» አሉ። «ከዚያ ጠብቂ።»

ነካሁ። ጠበቅኩ። ሴቶቹም ከእኔ ጋር ጠበቁ፤ የሚበላው ጉርሻ እንኳ እጃቸው ላይ ቆመ። ውጭ ፀሐይ ወደ ገደሉ እያዘነበለች ነው፤ ውጭ ያለው ሴንሰር ብርዱ መምጣቱን ከማናችንም ቀድሞ ያውቃል። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ፓምፑ በዝቅተኛ ድምፅ ተነሣ። ከጀርባዬ ያለው ቱቦ እጄ ውስጥ ሞቅ አለ።

«በራች!» አለች አንዷ፤ ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። የመጀመሪያ እልልታዬ በአንድ ፓምፕ ምክንያት ሆነ።

ለእያንዳንዱ የውጭ ብርድ ውኃው ምን ያህል እንደሚሞቅ ቀጥዬ አስተካከልኩ። ጠበቅኩ። ከዚያ ወለሉ እግር እንዳያቃጥል ከፍተኛውን ልክ ዘጋሁ። ጠበቅኩ። እማማ ሐሊማ ከአልጋው አጠገብ ሆነው ያዩኝ ነበር።

«አሁን ምን አደረግሽው?»

«ውጭውን እንዲያይ አደረግኩት እማማ። ከእኛ ጋር ገንፎ መብላት ትቶ፣ ደጅ ቆሞ ብርዱን እንዲጠብቅ።»

«እና ይህ ሁሉ ሰው ሲሄድ?»

«ያኔም ወለሉ ሞቆ ይቆያል።»

«ትንሽ ላብ ቢያልበንስ?» አለች ሌላዋ።

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ አሁንም ለተማሪዎቼ የምጀምርበት እሱ ነው። እንዲህ በዝግታ የሞቀ ወለል ክፍሉ እንደሱ በሞቀ ጊዜ ሙቀት መስጠቱን ራሱ ይተዋል። ማንም አያዘውም። ሰዉ ወጥቶ ክፍሉ ሲበርድ ደግሞ ማንም ሳያዘው እንደገና ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲ ሰሌዳ ላይ አንድ ቀላል መስመር ነበር። እዚያ ግን ሙቀት ራሱ የሚያስብ ነው የመሰለኝ።

«ይብቃ ሲል ይተዋል» አልኳት። «ስትፈልጉት ደግሞ ይሰጣል።»

«እንደ ደህና ባል» አለች፤ እንደገና ሳቁ።

እማማ ሐሊማ አልሳቁም። «ጎሕ ሲቀድ እናያለን» አሉ። ምድጃውን ከደፉ ወደ ውስጥ ስበው አልጋው አጠገብ አደረጉት። ክብሪታቸውን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩ።

እኔና ጋሽ እንድሪስ ከጤና ጣቢያው ማዶ ባለ ቤት አደርን። ጎሕ ሲቀድ ተገናኝተን ግቢውን አቋረጥን። ሣሩ በውርጭ ነጭ ነው፤ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ከእናቶች ክፍል በላይ ጭስ የለም። ያ ብቻ ምንም አይናገርም፤ ተነሥተው ከሰሉን እያቀጣጠሉም ሊሆን ይችላል። ጋሽ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ ወዲያው የአራስ ቤት መሆኑ ትዝ አላቸውና እዚያው ብርዱ ላይ በባዶ እግራቸው ቆሙ።

«ግቢ» አሉኝ።

ገባሁ። ሰዓዳ ተኝታለች፤ ሕፃኗ ደረቷ ላይ አፏን እንደ ከፈተች ተኝታለች። የሕፃኗ የታጠቡ ጨርቆች ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል፤ አንዱን ነካሁት፤ ደርቋል። ምድጃው እንደ ተቀመጠ ነው፤ ከሰሉ ጥቁር ነው። ቁጭ ብዬ ነው የማድረው ያሉት እማማ ሐሊማ ከምድጃው አጠገብ፣ የሚለብሱትን የሱፍ ባናቸውን ወዲያ ገፍተው፣ ባዶ ወለል ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። እጃቸው ተዘርግቶ መዳፋቸው ወለሉ ላይ አርፏል፤ የተኛ እንስሳ ጀርባ ላይ እንደሚያደርጉት።

ልወጣ ስል ዓይናቸውን ገለጡ። ወደ አልጋው አዩ። ሕፃኗ ስትተነፍስ እስኪያዩ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ ወደ እኔ፤

«ወላሂ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ደግ አደረጉ እማማ።»

«ይህ ነቅቶ ካደረ» አሉ ወለሉን መታ መታ አድርገው፣ «እኔ ምን ቸገረኝ?» ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።

በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ጋሽ እንድሪስ ውርጩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«እ?»

«ተኝተዋል ጋሼ።»

«ማን?»

«ሁሉም።»

ጋሽ እንድሪስ ደፉን ሳይሻገሩ፣ ፊታቸውን ወደ ግቢው መልሰው በርከክ አሉ። ክንዳቸውን ወደ ኋላ በበሩ ስንጥቅ ሰድደው መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። ፀሐይ ግቢው ውስጥ እስክትገባ ድረስ አላነሡትም።